ለዳቦም ለኬክም አንድ ጆንያ፤ የአርሲ ስንዴ በስሙ የሚሸጠው መቼ ነው?

ኬክ በቤት ጋግሮ በስልክ ትዕዛዝ መሸጥ ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአዳማና በአሰላም የብዙ ሴቶችና ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኗል። ኬክ ቤት ለመክፈት ኪራይ፣ ፍሪጅ፣ ባለመስታወት መደርደሪያና አስተናጋጅ ያስፈልጋል። ቤቱ ሆኖ ለሚጋግር ግን አንድ ኦቨን፣ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ቅርፅ ማውጫና ስልክ ይበቃዋል። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ የደንበኛውም ዓይን ተከፍቷል። ከልደት ኬክና ከኩኪስ አልፎ በፓሪስና በቶኪዮ ኬክ ቤቶች የሚታየውን ሁሉ መጠየቅ ጀምሯል። ከእነዚህ አንዱ በማቻ የተቀመመው ማድሌን ነው፤ የዛጎል ቅርፅ ያለው፣ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ፣ አረንጓዴ የፈረንሳይ ኬክ።

የገበያ ገጽ በኬክ ውስጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገስ። ይህች ትንሽ ኬክ አሰላ ላይ ኦቨን ውስጥ ስትገባ የምታጋልጠው ጉዳይ የእህል በረንዳን ነጋዴ፣ የኢተያን ደላላና የአዳማን የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የማድሌን አገሯ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሎሬን በተባለው ግዛት የምትገኘው ኮሜርሲ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 የሎሬን መስፍን የነበሩት ስደተኛው የፖላንድ ንጉሥ ስታኒስላስ ለእንግዶቻቸው የሚያቀርቡት ጣፋጭ አጡ፤ ማድሌን የተባለች የቤት ሠራተኛ የአያቷን ኬክ ጋግራ ከሐፍረት አዳነቻቸው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት ለነጋዴ ብዙም ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ከተማዋ ይህችን ኬክ በስሟ አድርጋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መነገዷ ነው። አርሲም ስም አላጣችም፤ አሰላ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቦቆጂ በደራርቱ ቱሉና በቀነኒሳ በቀለ ዓለም ያውቃቸዋል። በስንዴያቸው ግን ዓለም ቀርቶ ስንዴውን የሚገዛው ፋብሪካም በስም አያውቃቸውም። ወደዚህ እንመለሳለን።

የኬኩ አሠራር ከባድ አይደለም። 100 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ ቀልጦ የቀዘቀዘ 100 ግራም ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ 5 ግራም ያህል ማቻ፣ ጥቂት ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ነው። እንቁላሉ ከስኳሩ ጋር ይመታል፤ ዱቄቱና ማቻው አብረው ተነፍተው ይገባሉ፤ መጨረሻ ላይ ቅቤው ይጨመራል። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ያርፋል። ከዚያ በዛጎል ቅርፅ ተከፋፍሎ 200 ዲግሪ ገደማ በጋለ ኦቨን ከ10 ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ ይበስላል። ቀዝቃዛው ሊጥ ድንገት ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው መሀሉ ተነስቶ ጉብታ ይሠራል። ያለዚያ ጉብታ የወጣ ማድሌን ፈረንሳዮች ዘንድ እንደ ማድሌን አይቆጠርም። ከዚህ መጠን አሥራ ሁለት ያህል ይወጣል።

በቅቤ በኩል አርሲ አይታማም። ነገር ግን ለወጥ የምንመርጠው፣ ከእርጎ የሚናጠው ቅቤ ለዚህ ኬክ ጠረኑ ስለሚከብድ ከትኩስ ክሬም የተሠራ፣ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ይመረጣል። እንቁላልና ስኳርም አያስቸግርም። ማቻው ግን ውድ ነው። ማቻ ከመለቀሙ በፊት ለሳምንታት ከፀሐይ ተከልሎ ያደገ የሻይ ቅጠል በእንፋሎት ተመትቶ፣ ደርቆ፣ በድንጋይ ወፍጮ እጅግ የላመ ዱቄት ሲሆን ነው። ዝነኛው የሚመጣው ኪዮቶ አጠገብ ካለችው ኡጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የዓለም ፍላጎት ከምርቱ በልጦ የታወቁ የጃፓን ሻይ ቤቶች ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን መጠን እስከ መወሰን ደርሰዋል። በእኛ በኩል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ውሽውሽንና ጉመሮን የመሰሉ የሻይ እርሻዎች ያሏት አገር ማቻን የማትሠራበት ምክንያት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ጥላ፣ እንፋሎትና ልዩ ወፍጮ የሚጠይቅ ኢንቨስትመንት ነውና ለሌላ ቀን ይቆይ። በምትኩ የሺፈራው ቅጠል ዱቄት ማስገባት ይቻላል። ቀለሙ ይመጣል፤ ጣዕሙ ግን ማቻ አይደለምና ማቻ ነው ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው።

ያም ሆነ ይህ ማቻ በግራም የሚሰፈር ቅመም ነው። የኬኩ ሥጋ ዱቄቱ ነው።

ከዱቄቱ በፊት ግን የከፍታውን ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጋጋሪ ጥፋቱን ያለቦታው የሚያላክከው በዚህ ምክንያት ነውና። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይጸና ፈጥኖ ይነሳና መልሶ ይወድቃል። ለፓሪስ የተጻፈውን መጠን እንዳለ የወሰደች የአሰላ ጋጋሪ ጉብታ ሳይሆን ጉድጓድ ታገኛለች። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ መቀነስ፣ ከስኳሩ ጥቂት ማንሳት፣ የሊጡን ድርቀት በአንድ ማንኪያ ወተት ማካካስና ኦቨኑን ትንሽ ማጋል ነው። ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚስተካከል ነው።

ዱቄቱ ግን በጋጋሪዋ እጅ አይስተካከልም። ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከውሃ ጋር ተለውሶ ሲታሽ ግሉተን የሚባለውን፣ ሊጡን እንደ ማስቲካ የሚስበውን ነገር ይፈጥራል። ለዳቦ ይህ ሀብት ነው፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር ይዞ ዳቦውን የሚያቆመው እሱ ነው። ለኬክ ግን ጠላት ነው፤ ማድሌኑን ያደርቀዋል፣ ያከረዋል። ስለዚህ በሌላው ዓለም የኬክ ዱቄት ፕሮቲኑ ከ7 እስከ 9 በመቶ፣ የዳቦ ዱቄት ከ11 እስከ 13 በመቶ ሆኖ ተለይቶ ይሸጣል። አንዱ ከለስላሳ ስንዴ፣ ሌላው ከጠንካራ ስንዴ ይፈጫል። በእኛ ገበያ በብዛት የሚገኘው ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ የፋብሪካው ስም፣ ክብደቱ፣ ቀኑና "ፉርኖ ዱቄት" የሚለው ነው። ጥንካሬው በዕድል ነው። ዛሬ የተገዛው ለኬክ ይስማማል፤ በሚቀጥለው ወር ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ስም የተገዛው እንደ ላስቲክ ይጎተታል።

እናም ጋጋሪዋ የበቆሎ ስታርች ገዝታ እየቀላቀለች ዱቄቱን ታደክማለች። ከእሷ ቤት ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ደግሞ ዱቄቱ ደከመብኝ ብሎ ኢምፕሩቨር እየገዛ ያጠነክራል። ሁለቱም የገዙት የአንድ አካባቢ ስንዴ ነው። ምናልባትም የአንድ ፋብሪካ ዱቄት ነው። አንዱ ለማድከም፣ ሌላው ለማጠንከር ገንዘብ ያወጣሉ፤ ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ለሁለት ተለይቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወጪ አያስፈልግም ነበር። ይህን ትርፍ ወጪ የሚከፍለው ዞሮ ዞሮ በላተኛው ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ሳንቲም ወደ አርሲ ገበሬ አይመለስም።

እንዲህ ሊሆን የቻለው አለማወቅ ስለበዛ አይደለም። የኢተያ ወይም የሳጉሬ ደላላ ጆንያውን በሹል ብረት ወግቶ ያወጣውን እፍኝ ስንዴ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ሲያይ፣ ከዚያም አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሲሰብራት ብዙ ነገር ያነባል። እርጥበቱን ይለያል። ጠንካራው ስንዴ ሲሰበር ውስጡ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ለስላሳው እንደ ጠመኔ ነጭና ብናኝ ነው። ደላላው ይህን ያውቃል። ዋጋ ሲቆርጥ ግን የሚጠይቀው ደርቋል ወይ፣ ንጹሕ ነው ወይ፣ ፍሬው ሞልቷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ገዢው ፋብሪካ ከዚያ በላይ ስለማይጠይቀው እሱም በጥርሱ ያገኘውን ዕውቀት ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ የጠንካራውም የለስላሳውም ጆንያ በአንድ መኪና ይጫናል። በኮምባይነር የታጨደ ከሆነማ መደባለቁ የሚጀምረው ገና ማሳው ዳር ነው።

ጤፍ እንዲህ አይሸጥም። የአዳ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እየተባለ በስምና በቦታ ይለያል፤ ሠርገኛውን ከማኛ ጋር ቀላቅሎ የማኛ ዋጋ የጠየቀ ነጋዴ በእህል በረንዳ ስሙ ይጠፋል። ገብስም በቤት ውስጥ እንዲህ አይታይም። የአርሲ እናቶች ጭኮ ሲሠሩ፣ ገብሱን ቆልተውና አስፈጭተው በተነጠረ ቅቤ ሲያሹት፣ ያገኙትን ገብስ አያነሱም። ለቆሎ ሰነፍ ገብስ፣ ለጠላ ሌላ፣ ለበሶ ሌላ ይመረጣል። ጭኮን ለተመለከተው፣ እሱም የአርሲ ማድሌን ነው ማለት ይቻላል፤ ዱቄትና ቅቤ፣ ለእንግዳና ለመንገደኛ የሚቀርብ፣ ትንሽ ተቆርሶ የሚበቃ። ልዩነቱ የጭኮዋ ባለሙያ ለሥራዋ የሚስማማውን እህል መርጣ የምትገዛ መሆኗ ነው። የማድሌኗ ባለሙያ ይህን ምርጫ አላገኘችም።

ከሁሉ በላይ ምሳሌ የሚሆነው ግን የብቅል ገብስ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአርሲ ገበሬ አንድ ነገር ተምሯል፤ ለብቅል የሚሆን ገብስ በኩንታል ብቻ አይመዘንም። ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ገደማ ካለፈ ለቢራ አይመችም። ፍሬው ወጥና ወፍራም መሆን አለበት፤ ሲረጭ አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል መብቀል አለበት፤ ዘሩም ያልተቀላቀለ መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት ቢራ ፋብሪካዎች ዘር እየሰጡና ውል እየተዋዋሉ ሲገቡ፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባም ሌሎች የብቅል ፋብሪካዎች ሲጨመሩ፣ ሆልከርና ትራቭለር የሚሉት የዘር ስሞች በገበሬውና በነጋዴው አፍ የገበያ ስሞች ሆኑ። ትራቭለር ያመረተ ትራቭለር ብሎ ይሸጣል። በዚያው ወረዳ፣ አንዳንዴም በዚያው ማሳ በተከታዩ ዓመት የሚበቅለው ስንዴ ግን ስንዴ ብቻ ነው። ገብስን በፕሮቲን መለካት የቻለች ከተማ ስንዴን በጥርስ ብቻ የምትለካበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

የዕውቀት ምንጭ ሩቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የኩሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረውም እሱ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም የብዙ አርሲዎች ትዝታ የሆነው ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ከብድርና ከገበያ ጋር አያይዞ ለገበሬው ያስተዋወቀው በዚሁ ምድር ነው። አርሲ የስንዴ አገር የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። ገበሬውም አዲስ ዘር ለመቀበል አይሰንፍም። ዲገሉና ሌሙ የአርሲ ቦታዎች ስም ሲሆኑ የስንዴ ዘርም ስም ናቸው። የሚያስገርመው ዘሩ የቦታውን ስም ይዞ እየተዘራ ምርቱ ስም አልባ ሆኖ መሸጡ ነው።

ለተመራማሪውም ለገበሬውም ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሁለቱም ላለፉት ዓመታት ሲሮጡ የኖሩት ከዋግ ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ በሰፊው ተዘርቶ የነበረውን ኩብሳን መታው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኩብሳን ይተካል የተባለውን ዲገሉን ግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ማሳ ላይ እንዳለ አደረቀው። እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፈ ገበሬ ዘር ሲመርጥ የሚጠይቀው ዋግ ይችላል ወይ፣ በሔክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል የሚለውን ነው፤ ለኬክ ይሆናል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ትክክልም ነው። ለጥራቱ የሚከፍለው ሰው ሳይኖር በምን ምክንያት ይጠይቅ?

የማይከፈለውም ገበያው ለረጅም ጊዜ ጥራት መጠየቅ ስለረሳ ነው። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለዓመታት መንግሥት ከውጭ የገዛውን ስንዴ ለዱቄት ፋብሪካዎች በኮታና በድጎማ ዋጋ ሲያከፋፍል ቆይቷል። ኮታ የሚጠብቅ ፋብሪካ የተሰጠውን ይፈጫል እንጂ አይመርጥም። ወፍጮው ሥራ እንዳይፈታ መለመን እንጂ መምረጥ ምን አቅም አለው? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት በቆሎና ስንዴ ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። በደረጃ የተለየ እህል በስፋት ይሸጥበታል ተብሎ ተስፋ ቢደረግም ገበያው የጸናው በቡናና በሰሊጥ ነው። ከዚያ የበጋ መስኖ ስንዴ መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ ሲታወጅ ወሬው ሁሉ ስለ ብዛት ሆነ። ብዛቱ ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ወደ ውጭ ልሸጥ የሚል አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ፕሮቲኑ ስንት ነው የሚል እንደሆነ ማንኛውም የስንዴ አስመጪ ይነግረዋል። ከውጭ ስንገዛ እኛም በጨረታ ሰነዳችን ላይ የምንጽፈው እሱኑ ነው። ከሌላው የምንጠይቀውን ከራሳችን አለመጠየቃችን ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ዳቦ ላልጠገበ ሕዝብ ስለ ኬክ ዱቄት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ቅንጦት በሆነ ነበር፣ የመለየቱ ጥቅም ለኬክ ብቻ ቢሆን ኖሮ። ከመደባለቁ ይበልጥ የሚጎዳው ዳቦ ቤቱ ነው። በአርሲ ደጋ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ከአጨዳ ጋር ይገጥማል፤ ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ ይጎነቁላል። የጎነቆለ ስንዴ ዱቄት ዳቦው ውስጡ ሙጫ እንዲሆን ያደርጋል። አንድ መኪና የጎነቆለ ስንዴ ከአምስት መኪና ጤነኛ ስንዴ ጋር ሲደባለቅ የሚበላሸው አንዱ ሳይሆን ስድስቱም ነው። ዳቦ ቤቱ በዚያ ሳምንት ሊጥ ሲጥል፣ ሠራተኛውን ሲቆጣ፣ እርሾውን ሲያማ ይከርማል። ይህን ኪሳራ ማንም መዝገብ ላይ ጽፎት አያውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነጋዴ ነውና የበለጠ ክብደት አለው፤ ለመለየት የተለየ መጋዘን፣ መለኪያ መሣሪያና ጊዜ ያስፈልጋል፣ ይህን ወጪ ማን ይሸፍነዋል ይላል። እውነት ነው። በቀን ብዙ መቶ ኩንታል የሚፈጭና ለጅምላ ዳቦ የሚያቀርብ ትልቅ ፋብሪካ ይህን ቶሎ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ አያስኬድም፤ ትርፉ ከብዛት ነው። ሥራው የሚመቸው ለመካከለኛው ነው። በአሰላ ወይም በኢተያ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል መጋዘን ያለው ወፍጮ፣ ወይም ስንዴውን ከአባላቱ በቀጥታ የሚሰበስብ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሊጀምረው ይችላል። የእህልን ፕሮቲንና እርጥበት በደቂቃዎች የሚለካ መሣሪያ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ዋጋው ቀላል ባይሆንም ከአንድ ያገለገለ የጭነት መኪና ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለጅማሬ ደግሞ ናሙናን በክፍያ ማስመርመር ይቻላል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው እምነት ነው። ገበሬው "ለስላሳ ነው፣ በዚህ ዋጋ እገዛሃለሁ" ያለው ነጋዴ መኪናው ከመጣ በኋላ ዋጋ እንደማይሰብርበት ማወቅ አለበት። ነጋዴውም ገበሬው ቃል የገባውን ስንዴ ሃምሳ ብር ጨመርኩ ላለው መንገደኛ እንደማይሰጥበት። በብቅል ገብስ ውል ሁለቱም ጥፋት ታይቷል፤ ውሉ ግን ቀርቶ አልቀረም።

በሌላ በኩል ያለውን ገቢ እንመልከት። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ከ70 እስከ 75 ኪሎ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ የቀረው ፉርሽካ ሆኖ ለከብት መኖ ይሸጣል። አንድ መጠን ማድሌን 100 ግራም ዱቄት ስለሚወስድ፣ ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚገኘው ዱቄት ከ700 በላይ መጠን ይሆናል፤ በቁጥር ከ8 ሺህ የሚበልጥ ኬክ ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ ኬክ በላተኛ ይገኛል ማለት አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በእያንዳንዱ ኬክ ውስጥ ያለው ዱቄት ከ10 ግራም በታች ስለሆነ ጋጋሪዋ በኪሎ ዱቄት ላይ ጥሩ ጭማሪ ብትከፍል እንኳ በአንዱ ኬክ ዋጋ ላይ የሚታይ ለውጥ አይመጣም። የዳቦ ገዢ ለሳንቲም ይሟገታል፤ የኬክ ጋጋሪ የሚያስፈራት የዱቄቱ ዋጋ ሳይሆን ተበላሽቶ የሚጣለው ቅቤ፣ እንቁላልና ማቻ ነው። ለአስተማማኝነት ከሚከፍል ገዢ የተሻለ ገዢ ከየት ይመጣል? ብስኩት ፋብሪካዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ብስኩትም ለስላሳ ስንዴ ነው የሚወደው፣ የሚወስዱትም በኩንታል ሳይሆን በመኪና ነው። ቤት ውስጥ የሚጋግሩት ሴቶች መንገዱን ያሳዩ ይሆናል እንጂ መጋዘኑን የሚያራግፉት ብስኩት ሠሪዎቹ ናቸው።

ፓስታና ማካሮኒ ሠሪዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። በባሌ የፓስታ ስንዴ ለይተው የሚያመርቱ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ከፋብሪካዎች ጋር መዋዋል ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አርሲ ከባሌ የምታንስበት ምክንያት የለም።

ጊዜውን በተመለከተ ግን ቸልታ አያዋጣም። በአርሲ ደጋ የመኸር ስንዴ የሚዘራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ለኬክና ለብስኩት የሚሆን ስንዴ የሚፈልግ ገዢ ኅዳር ላይ ኮምባይነሩ ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ብር ይዞ ቢመጣ የሚያገኘው ያንኑ የተደባለቀ ክምር ነው። ንግግሩ ማለቅ ያለበት ከዘር በፊት ነው፤ የትኛው ዘር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ማዳበሪያው መቼና ስንት፣ ጭማሪው ስንት ብር። ዩሪያ ዘግይቶ በብዛት የተጨመረበት ማሳ ፕሮቲኑ ከፍ ስለሚል ለዳቦ እንጂ ለኬክ አይሆንም፤ ይህንን ለገበሬው አስቀድሞ የሚነግረው ከገዢው ሌላ ማንም የለም። አጨዳው ሲደርስ ደግሞ ኮምባይነሩ ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት እንዲራገፍ፣ ጆንያውም በሁለት ቀለም ክር እንዲሰፋ ማድረግ በቂ ጅምር ነው። ቀይ ክር ለጠንካራ፣ ሰማያዊ ለለስላሳ ቢባል ማንበብ የማይችል ጫኝም አይስተውም።

እስከዚያው የአሰላዋ ጋጋሪ ከ100 ግራም ፉርኖ ዱቄት ውስጥ 15 ግራም ያህሉን አንስታ በበቆሎ ስታርች ትተካለች፤ ሁለቱን ሦስት ጊዜ አብራ ትነፋለች፤ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሊጡን ብዙ አታማስልም። አዲስ ከረጢት በከፈተች ቁጥር ደግሞ ትዕዛዝ ከመቀበሏ በፊት ሁለት ኬክ ብቻ ለሙከራ ትጋግራለች።